የድሮ የቪኤችኤስ ካሴቶችን ደሴ ላይ በምን መልክ ማስገልበጥ ይሻላል?

የሆጤዋ (ደሴ)፦ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሆጤ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት፣ ከድንጋይ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ በኖረ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በካርቶን የታጨቁ የቪኤችኤስ ካሴቶችና አብሯቸው የኖረው የቪዲዮ ዴክ አሉ። ከካሴቶቹ መካከል በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቀረጸው የታላቅ እህቴ ሰርግ፣ የአጎቴ ልጅ ኒካህ፣ የወንድሜ ምረቃ፣ እንዲሁም ዛሬ በሕይወት የሌሉት አያታችን እንግዶችን ሲመርቁ የሚታዩበት ካሴት ይገኙበታል። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱን ስናስተካክል፣ እነዚህን ዕቃዎች ምን እናድርጋቸው በሚለው ጉዳይ ላይ ቤተሰቡ ሊስማማ አልቻለም።

ዴኩ ኃይል ይይዛል፤ ነገር ግን ካሴት ሲገባበት ጥቂት ካጫወተ በኋላ ክሩን ይበላል። አንዳንዶቹ ካሴቶች ደግሞ በመስኮታቸው በኩል ሲታዩ፣ በተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ የመሰለ ነገር አለባቸው። ከተማ ውስጥ የጠየቅሁት አንድ ቤት ሁሉንም ወደ ዲቪዲ እንደሚገለብጥልን ነግሮናል። ወንድሜ በበኩሉ የሰርጉ የቪሲዲ ቅጂ ስላለን ካሴቱን ማቆየት ቦታ ከማጣበብ በቀር ጥቅም የለውም ባይ ነው። ዴኩን ማስጠገን ያዋጣል ወይስ ሌላ መፈለግ ይሻላል? ወደ ዲቪዲ መገልበጡስ ትክክለኛ መፍትሔ ነው? በሥራው ያለፋችሁ ሰዎች ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።


ጥገና ፒያሳ (ደሴ)

እህቴ፣ ወደ ሌላው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ዛሬውኑ ሊደረግ የሚገባውን ልንገርዎት፦ በእያንዳንዱ ካሴት የጀርባ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ቅንጣቢ ይስበሯት። እርሷ ከሌለች ዴኩ በዚያ ካሴት ላይ መቅዳት አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ተሳስቶ የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫን እንኳ በአያትዎ ምርቃት ላይ የማታ ዜና አይቀረጽበትም። ይህ ቀልድ እንዳይመስልዎት፤ በዚህ መንገድ የጠፋ ሰርግ ይዘው ወደ እኔ የመጡ ሰዎች አሉ፤ አንድ ጊዜ በላዩ የተቀዳበትን ክር ደግሞ መመለስ የሚችል ባለሙያ የለም።

ዴኩ ክር የሚበላበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከባድ አይደለም። ካሴቱ ሲገባ ዴኩ ክሩን ከማቀፊያው ስቦ ያወጣና በሚሽከረከር ድራም ላይ ይጠመጥመዋል። ምስሉን የሚያነቡት ሄዶች የተተከሉት በዚህ ድራም ላይ ሲሆን፣ አገራችን በምትጠቀምበት ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት ድራሙ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል፤ ክሩ ግን በሰከንድ ከ2.4 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ርቀት ብቻ ይጓዛል። ይህን አዝጋሚ ጉዞ የሚቆጣጠሩት ክሩን ከብረት ዘንግ ጋር የሚጫነው ሮለርና የመጠቅለያውን መንኮራኩር የሚያዞሩት ጎማና ቺንጋ ናቸው። ጎማ ደግሞ ሥራ ላይ ባይውልም ይደርቃል። መጠቅለያው ሲዳከም ከድራሙ የሚወጣው ክር ሰብሳቢ ያጣና በዴኩ ሆድ ውስጥ ይከመራል፤ ሮለሩ የደረቀ ከሆነም ክሩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሸሽቶ ጠርዙ ይጨማደዳል። ስለዚህ ሥራው በአመዛኙ ጎማዎቹን ማደስ፣ መሄጃውን ማጽዳትና የኃይል ክፍሉን ያረጁ ካፓሲተሮች መለወጥ ነው።

አስቸጋሪው መለዋወጫው ነው። ዴክ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ታዋቂ ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል። ሶኒም በዚያው ዓመት በመጋቢት ሌላውን የድሮ የቪዲዮ ካሴት ዓይነት፣ ቤታማክስን፣ ማቅረቡን አቆመ። ከዚያ ወዲህ እኔም ሆንኩ ሌሎች ባልደረቦቼ መለዋወጫ የምናገኘው ከሌላ የሞተ ዴክ እየፈታን ነው፤ የሄድ ድራም ደግሞ አንዴ ካለቀ በዘዴ የሚታደስ ዕቃ አይደለም። ስለሆነም ዴኩን አይጣሉት፤ መጠገን ባይችል እንኳ ለሌላው ዴክ አካል ይሆናል። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ልግዛ ካሉም ሻጩ ፊት ካሴት አስገብተው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አጠንጥነው፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳያጫውቱ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከተጠገነም በኋላ መጀመሪያ የሚገባው ካሴት የአያትዎ እንዳይሆን፤ ቢበላሽ በማይቆጭ የድሮ ፊልም ይሞከር። ሄዱን ራሴ አጸዳለሁ የሚል ካለ በጥጥ እንጨት እንዳይነካው፤ የጥጡ ቃጫ ሄዱን ይዞ ሊሰብረው ይችላል። ለስላሳ ቆዳ በንጹሕ አልኮል አርሶ ድራሙን በእጅ እያዞሩ በአግድም ብቻ መጥረግ ይገባል፤ ወደ ላይና ወደ ታች መጥረግ ፈጽሞ ክልክል ነው። በመጨረሻም የከተማችንን መብራት እናውቀዋለን፤ በሥራ መካከል ቢጠፋ ክሩ በድራሙ ላይ እንደተጠመጠመ ስለሚቀር ካሴቱን በጉልበት አያውጡት። መብራቱ ሲመለስ ዴኩ ራሱ ይመልሰዋል። ስታቢላይዘር ካለዎት በእርሱ በኩል ይሰኩት።


የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ አባትሽን አላህ ይማርልሽ። እኔ በኮምቦልቻና በአካባቢው ሰርግ ስቀርጽ፣ ጎን ለጎንም የፊልም ካሴት ሳከራይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ዴኩ የጥገናው ወንድማችን የተናገረው በቂ ስለሆነ፣ ወንድምሽ «ቪሲዲው አለን» ባለው ላይ ብቻ ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ ሐሳብ ብዙ ቤተሰብ የተሻለውን ካሴት ጥሎ ደካማውን ቅጂ ይዞ ቀርቷል።

ቪሲዲ ወደ አገራችን ገብቶ በየቤቱ ሲስፋፋ ሁላችንም እንደ እድገት ነበር የተቀበልነው። ዲስክ ነው፣ አይጠነጠንም፣ ክሩ አይበላም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ደንበኞቻችን ካሴታቸውን እያመጡ ወደ ቪሲዲ አስገለበጡ፤ እኛም ገለበጥን። ነገር ግን ቪሲዲ የሚይዘው ምስል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከካሴት በአግባቡ ሲገለበጥ የሚወሰደው 720 በ576 ስለሆነ ቪሲዲው የዚህን አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ይይዛል ማለት ነው። ከዚህ የከፋው እንቅስቃሴው ነው። ካሴት ላይ ያለው ምስል በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ሆኖ የተቀረጸ ሲሆን፣ ቪሲዲ ግማሾቹን ጥሎ 25 ብቻ ያስቀራል። የወሎ እስክስታ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው ፈጠን ሲል ቪሲዲው መከታተል ያቅተውና ምስሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰባበራል። እህትሽ ሰርግ ላይ የተጨፈረበትን ቦታ በቪሲዲውና በካሴቱ አነጻጽራችሁ እዩት፤ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ቪሲዲ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ያህል ነው። የእኛ ሰርግ ደግሞ በተለመደው የሦስት ሰዓት ካሴት ላይ ጢም ብሎ የሚቀረጽ ነበር፤ ስለዚህ ሦስት ዲስክ ላለመክፈል ብዙ ሰው «ዋና ዋናውን አውጣልኝ» ይል ነበር። ዋና የሚባለው የሙሽሮቹ መግቢያ፣ የኬኩ ቆረሳና የፎቶው ሥነ ሥርዓት ሲሆን፣ የሚቆረጠው ደግሞ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የሚመርቁበት፣ ሴቶቹ ጓዳ ወጥ ሲሠሩ የሚቀልዱበት፣ ልጆች ካሜራ ፊት የሚራኮቱበት ነበር። ዛሬ ሰው ፈልጎ የሚያጣው ያንን ነው። እኔ ጋ ዋናው ካሴት ይኖር እንደሆነ እየመጡ የሚጠይቁኝ አሉ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ካሴት ውድ ስለነበረ ዋናውን በሌላ ሰርግ ላይ ደግመን እንቀርጽበት ነበር። ከባለሰርጉ እጅ ያለው ካሴት ራሱ ከዋናው የተገለበጠ ቢሆንም፣ ከርሱ የተሻለ የትም አይገኝም።

በዚያ ላይ የየቤቱ ቪሲዲ ተቧጭሯል፤ ማጫወቻውም ከዴኩ ባልተናነሰ ፍጥነት ከገበያ ወጥቷል። የፊልም ማከራያ ቤቶቻችንን ያዘጋው መጀመሪያ በየመንገዱ የሚሸጠው የተባዛ ዲስክ ነው፤ ቀጥሎ ዲሽ መጣ፣ ከዚያም ስልክ። አንዱ ሌላውን ሲተካ ሁሉም «ይኼኛው የመጨረሻው ነው» እየተባለ ነበር የሚሸጠው።


ሐረጎ ቁልቁለት (ኮምቦልቻ)

አስተያየቶቹ ጠቃሚ ቢሆኑም፣ ሌላ ወገንም እንዲሰማ እፈልጋለሁ። የሦስት ሰዓት ሰርግ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ዛሬ የለም። የጥገናው፣ የመገልበጫውና የማስቀመጫው ወጪ ተደምሮ ከቤተሰቡ ጥቅም ጋር ሲመዛዘን፣ ተፈላጊውን ሃያ ደቂቃ መርጦ አስገልብጦ ሌላውን መተው ብልህነት ይመስለኛል። ካሴት እንዳለ ማቆየት በእኛ ቤት የተለመደውን «ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል» የሚለውን ልማድ ከመቀጠል አይለይም።


ጢጣ (ደሴ)

ከላይ የተሰጠው አስተያየት ስለ ተመልካቹ ትዕግሥት የሚናገረው እውነት ነው፤ ስለ ወጪው የሚናገረው ግን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ካለማየት የመጣ ይመስለኛል። ካሴት የሚገለበጠው እየተጫወተ ነው። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሃያ ደቂቃውን ለመምረጥም ቢሆን አንድ ሰው ተቀምጦ፣ እያጠነጠነ፣ ያረጀውን ክር ደጋግሞ በድራሙ ላይ እያሳለፈ መፈለግ አለበት። ሙሉውን አንድ ጊዜ አስገልብጦ ከኮምፒውተር ላይ መቁረጥ ለክሩም ለባለሙያውም ይቀላል። በዚሁ ምክንያት የሦስት ሰዓቱን ካሴት በአንድ ሰዓት አስረክባለሁ የሚል ቤት ካጋጠማችሁ አልፋችሁት ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። በእኔ አስተያየት ዲቪዲ መፍትሔ አይደለም። የተለመደው ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። የካሴት ምስል በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት ያህል ተሰጥቶት በጥሩ ሁኔታ ሲገለበጥ ለአንድ ሰዓት 3.6 ጊጋ ባይት፣ ለሦስት ሰዓት ደግሞ 11 ጊጋ ባይት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሰርግ በአንድ ዲቪዲ ላይ እንዲገባ ሲባል ምስሉ ከግማሽ በላይ መጨመቅ ይኖርበታል፤ በቪሲዲ የተፈጸመው ነገር በሌላ ስም ይደገማል ማለት ነው። ቤት ውስጥ የሚጻፍባቸው ዲስኮች ቀለም በጊዜ ብዛት ስለሚለወጥ የማይነበቡበት ቀን ይመጣል። አዲስ የሚሸጡት ላፕቶፖችም አብዛኞቹ የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም።

ለባለ ሱቁ የምትነግሩት እንዲህ ነው፦ ከዴኩ ጀርባ በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመድ ወጥቶ በመገልበጫ መሣሪያ በኩል ወደ ኮምፒውተር ይግባ፤ በ720 በ576፣ ሁለቱንም ግማሽ ምስል እንደያዘ በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ሆኖ ይቀረጽ፤ በፋይል መልክ በሃርድ ዲስክ ይሰጠን። ብዙ ቤቶች መሣሪያውን ከሳጥኑ ሲያወጡት በተስተካከለበት ሁኔታ ስለሚጠቀሙ፣ ሳያውቁት በሰከንድ 30 ምስል አድርገው ይቀርጻሉ፤ ያን ጊዜ የሰው አካሄድ በየሰከንዱ ይንገጫገጫል። መጀመሪያ የአንድ ካሴት አሥር ደቂቃ ብቻ አስገልብጣችሁ፣ ቤት ወስዳችሁ በትልቅ ስክሪን ካያችሁ በኋላ ቀሪውን ስጡ። በተለይ ወደ መጨረሻው አካባቢ ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር መሄዱን አረጋግጡ። ያረጀ ካሴት ምስሉን በትክክለኛ የጊዜ ልክ ስለማያወጣ ርካሽ መሣሪያዎች አንዳንድ ምስሎችን ይዘላሉ፤ ድምፁም እየቀደመ ወይም እየዘገየ ይሄዳል። ይህ ሲሆን የሚረዳው ጊዜውን የሚያስተካክል መሣሪያ ነው፤ እርሱ በማይገኝበት ቦታ አንዳንድ የድሮ የዲቪዲ መቅጃዎችን በዴኩና በኮምፒውተሩ መካከል ማስገባት ለውጥ ያመጣል። ዲቪዲ ለዚህ ሥራ መጠቀሚያ መሆኑ ትንሽ ያስቃል።

ነጭ ብናኝ ያለባቸውን ካሴቶች በተመለከተ ነገሩ ሻጋታ ይመስላል። ደሴ ቀዝቃዛ ናት፤ ክረምቷም ረዥምና እርጥብ ነው፤ ከድንጋይ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ቁም ሣጥን ደግሞ እርጥበቱን ይይዛል። እነዚህን ካሴቶች በምንም ዓይነት ዴክ ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ሻጋታው በሄዱና በመሄጃው ላይ ይቀርና ቀጥሎ ወደሚገባው ጤነኛ ካሴት ይተላለፋል። ከሌሎቹ ለይታችሁ፣ እርጥበት በሌለበትና አየር በሚዘዋወርበት ክፍል አቁማችሁ አቆዩአቸው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ክሩን ያጣምመዋል። ዘመድ ካላችሁ ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ ለዚህ ትሻላለች፤ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ስለሆነች ቶሎ ይደርቃሉ። ከደረቁ በኋላ ክሩን የሚያጸዳ ባለሙያ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሥራ። ካርቶኑ ውስጥ ከሌሎቹ የሚያንሱ ካሴቶች ካሉም ለዩአቸው፤ ቤታማክስና ባለ 8 ሚሊ ሜትር የካሜራ ካሴት በቪኤችኤስ ዴክ አይሠሩም። ለ8 ሚሊ ሜትሩ በቪኤችኤስ ዴክ እንዲገባ የሚያደርግ ማቀፊያ አለ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትመኑት፤ ማቀፊያ ያለው ለትንሿ የቪኤችኤስ ካሴት ብቻ ነው።

ስለ ማስቀመጫው አንድ ነገር ልጨምር። ፍላሽ ለመውሰጃ እንጂ ለማቆያ አይሆንም። ሁለት ሃርድ ዲስክ ይኑራችሁ፤ ሁለተኛው ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ቤቱን ቆልፎ የወጣ ሰው፣ ሲመለስ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ የምናውቀው ነው፤ ቴሌቪዥን ተገዝቶ ይተካል። ውጭ አገር ላሉት በቴሌግራም ስትልኩም በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ አለዚያ እንደገና ይጨመቃል። አንድ ፋይል በነጻው አገልግሎት ከ2 ጊጋ ባይት ስለማይበልጥ ሰርጉን መከፋፈል ይኖርባችኋል። «ሐረጎ ቁልቁለት» ያሉት ሃያ ደቂቃ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።


የሆጤዋ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የሰርጉን ቪሲዲ ከወንድሜ ጋር ሆነን አየነው፤ አያታችን የሚመርቁበት ክፍል ጨርሶ የለበትም፤ ስለዚህ ካሴቱን የመጣሉ ሐሳብ ቀርቷል። ቅንጣቢዎቹንም ሰብረናል፤ የሻገቱትንም ለይተናል። ዴኩን ወደ ጥገና ልወስደው ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከካሴቶቹ አንዱ አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ የላከው የልጁ ልደት ነው። ዴኩ ደህና በነበረበት ዘመንም ይህ ካሴት ቀለም አልነበረውም፤ ምስሉም ወደ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግር ነበር። ይህም በክሩ ብልሽት የመጣ ነው?


ጢጣ (ደሴ)

ክሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ የምትጠቀምበት ኤንቲኤስሲ የተባለው ሥርዓት በ525 መስመርና በሰከንድ 30 ምስል ገደማ ይሠራል፤ የእኛ ፓል ደግሞ በ625 መስመርና በ25 ምስል ነው። ፓል ብቻ የሚያውቅ ዴክና ቴሌቪዥን የአሜሪካውን ካሴት ሲቀበሉ የሚያሳዩት የተናገሩትን ምልክት ነው። ሁለቱንም የሚያነቡ ዴኮች ነበሩ፤ ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚያወጡት ምስል የሁለቱ ቅይጥ ስለሆነ ቴሌቪዥን ቢቀበለውም የመገልበጫ መሣሪያው ሊስተው ይችላል።


ጥገና ፒያሳ (ደሴ)

በዚህ እስማማለሁ። ለአንድ ካሴት ብለው ሁለቱን የሚያነብ ዴክ ፍለጋ አይድከሙ፤ አጎትዎ እዚያው ቢያስገለብጡት ይቀላል፤ የእዚያ አገር ዴክ ያለ ምንም ማስተካከያ ያነበዋል። ከበዓል በኋላ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ዘመድ ካለ በእጅ ሻንጣው ይያዝላችሁ። የአውሮፕላን ማረፊያው የኤክስሬይ መፈተሻ የካሴት ክር አይጎዳም፤ የሚጎዳው ማግኔት ነው፤ ስለዚህ ከትልቅ ስፒከር ጋር በአንድ ሻንጣ እንዳይታሸግ ይንገሩት። ዴኩን ይዘው ሲመጡ የሙከራ ካሴት እኔ ጋ አለ፤ የእርስዎን አንዱንም ይዘው እንዳይመጡ።